ራቬሎ፦ ንጉሡ ሥልጣኑን ያስረከበባት ኮረብታ

«ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነው። በደቡብ ጣልያን ላለው ለአማልፊ ባሕር ዳርቻ ያለን አንድ ቀን ብቻ ነው። ፖዚታኖ ልውሰዳቸው ወይስ ራቬሎ?» (ከሮም)

ራቬሎ ውሰጃቸው። ፖዚታኖ ፎቶ ላይ ታምራለች፤ በበጋ ግን መፈናፈኛ የለም። ራቬሎ ከባሕሩ 350 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከአማልፊ ከተማ አውቶቡስ አለ። መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ፣ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ፊት ይቀመጥ። ቪላ ቺምብሮኔን እንዳታልፉት። የአትክልት ቦታው መጨረሻ ላይ ገደል አፋፍ የተሠራ ሰገነት አለ። ጠርዙ ላይ ከደረት በላይ ብቻ የተቀረጹ የእብነ በረድ የሰው ምስሎች ተደርድረዋል፤ ፊታቸውን ዝናብና ንፋስ በልቶታል። ከኋላቸው ባሕርና ሰማይ ብቻ ነው።

«የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ ያለው የጣልያን ንጉሥ ከዙፋኑ የወረደው እዚያ ነው ይባላል። እውነት ነው?»

ግማሹ እውነት ነው። ቪክቶር ኢማኑኤል 3ኛ ያንን ማዕረግ የደረበው በ1936 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1943 ጣልያን እጅ ስትሰጥ ከሮም ሸሽቶ ወደ ደቡብ ወረደ። በ1944 ራቬሎ ውስጥ ቪላ ኤፒስኮፒዮ ተቀምጦ ሳለ እነ እንግሊዝና አሜሪካ «ሥልጣንህን ልቀቅ» ብለው ወጥረው ያዙት። ኤፕሪል 12 ቀን፣ ሮም ነፃ ስትወጣ ሥልጣኑን ለልጁ ለኡምቤርቶ እንደሚያስረክብ አስታወቀ። ሮም ጁን 4 ነፃ ወጣች፤ በማግስቱ እዚያው ራቬሎ ፈረመ። ጃንሆይ አዲስ አበባ ከገቡ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር! የንጉሥነት ስሙን ግን አልለቀቀም። ዘውዱን በይፋ የተወው በ1946 ነው፤ በዓመቱ በስደት ግብፅ ውስጥ ሞተ።

«የሙዚቃ ከተማ የምትባለውስ ለምንድን ነው?»

በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በሪቻርድ ዋግነር ምክንያት ነው። በ1880 ቪላ ሩፎሎ ገብቶ የአትክልት ቦታውን ሲያይ፣ ለ«ፓርሲፋል» ኦፔራው ሲያስበው የነበረውን አስማታዊ የአትክልት ቦታ አገኘሁት አለ። ከ1953 ጀምሮ በበጋ እዚያው የሙዚቃ ፌስቲቫል ይካሄዳል። መድረኩ ከገደሉ ወጣ ብሎ ባሕሩ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ገና ሳይነጋ ተጀምሮ ፀሐይ ስትወጣ የሚያልቅ ኮንሰርት አለ። እንቅልፍ የሚወድ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ግን እነሣለሁ።

«ቤተ ክርስቲያን መጎብኘት ይሰለቸኛል። የራቬሎን ካቴድራል ልዝለለው?»

ከዘለልከው አንበሶቹ ያመልጡሃል። በ1272 የተሠራው የስብከት ሰገነት የቆመው በስድስት አምዶች ላይ ነው፤ አምዶቹን የተሸከሙት ደግሞ የእብነ በረድ አንበሶች ናቸው። ያሠራው የሩፎሎ ቤተሰብ ነው፤ የቪላ ሩፎሎ ባለቤቶች የነበሩት ሀብታም ነጋዴዎች። ጎንበስ ብለህ እግራቸውን እይ፤ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው እየተራመዱ ነው።