ጭቃው ላይ የተሰመረው መስመር

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቡና ስንጠጣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ጋሼ፣ ግድብ የተቃወመ ሰው የአገር ጠላት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳቅሁባት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ነገሩ 2000 ዓ.ም. ላይ ነው። አንድ የጥናት ቡድን ውስጥ ነበርኩ፤ የማን እንደነበር ይቅር። ደቡብ ኦሞ፣ ኦሞራቴ ወርደን በእንጨት ጀልባ የኦሞን ወንዝ ተሻገርን። ከላይ ኦሞ ላይ የሚሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ ግንባታው ከተጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። እኛ ገና ያኔ የታችኛውን ሰው «ምን ትላላችሁ?» ልንል መሄዳችን ራሱ ያስቃል።

አንድ የዳሰነች ሽማግሌ ከበርጩማቸው ተነሥተው ወንዙ ዳር ወሰዱኝ። በዱላቸው ጭቃው ላይ መስመር አሰመሩ። ውሃው እስከዚህ ይመጣል፣ ይተኛል፣ ሲሸሽ ማሽላ እንዘራለን አሉ በአስተርጓሚ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ግድቡ ካለቀስ፣ እስከዚህ ይመጣል?»

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ጎርፍ ሲባል የሚታየኝ ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። 1998 ክረምት ላይ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ጎረቤቴ በር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የተረፈው፤ እስካሁን ሰማይ ሲያጉረመርም አይተኛም። ታዲያ ሰውዬው ጎርፍ ሲጠብቁ እንዴት ይግባኝ? ደግሞ በሳምንቱ ኦሞም ሞልቶ እዚያው ዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ገድሎ ነበር፣ ስለዚህ ግድቡ ያድናቸዋል ብዬ ነበር የማስበው። «ይመጣል፣ በዓመት ለአሥር ቀን ከግድቡ ውሃ ይለቀቅላችኋል» አልኳቸው፤ የጥናቱ ወረቀት ላይ እንደዚያ ነበር። ዝም አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪዎቹ ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ።

ጥር 2007 ውሃ መያዝ ተጀመረ። በቀጣዮቹ ዓመታት ያ የለመዱት ጎርፍ ቀረ። 243 ሜትር ከፍታ፣ 1,870 ሜጋ ዋት፤ አልዋሽም፣ ታኅሣሥ 2009 ሲመረቅ በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኛል። ይህን ስጽፍም ቬንትሌተሩ እየዞረ ነው። ያለሱ የድሬን ግንቦት ማን ይችለዋል አቦ?

ከድንበር ማዶ ኬንያዊቷ ኢካል አንጄሌይ ለቱርካና ሐይቅ ትጮህ ነበር። ሐይቁ አብዛኛውን ውሃ የሚያገኘው ከኦሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለአካባቢ ተቆርቋሪዎች የሚሰጠው የጎልድማን ሽልማት ተሰጣት። እኛ ቢሮ ስሟ ሲነሣ «ማን ላካት?» ነበር የምንለው። እኔም ብያለሁ።

እናንተ ወጣቶች ደግሞ ጠዋት ስልካችሁ ላይ የኦሞን ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ ማታ ዳንስ ነው። ሃሽታግ ማሽላ አያበቅልም። መጀመሪያ ሄዳችሁ አንድ ክረምት ወንዙ ዳር ተቀመጡ፣ ከዚያ ጩሁ። ግን እኔም ሄጄ፣ መስመሩን በዓይኔ አይቼ ነው ዝም ያልኩት፤ እንግዲህ ምክሬ ምን ያህል እንደሚረባ እንጃ።

ለጥያቄሽ፦ አይደለም፣ ልጄ። ሽማግሌው ግድቡን እንኳ አልተቃወሙም። ውሃው የት ድረስ እንደሚመጣ ነው የጠየቁኝ።

የቃለ ጉባኤው ኮፒ ቤት አለ፣ ሣጥን ውስጥ። ቅዳሜ ፀሐዩ በረድ ሲል ነይና ውሰጂው። ፊርማዬ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው።