ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሦስት ቀን ካላችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች? ለሥራ ስብሰባ ሳኦ ፓውሎ ልሄድ ነው፣ ታላቅ እህቴም አብራኝ ትሄዳለች፣ ስብሰባው ሲያልቅ ሦስት ቀን ስለሚተርፈን ሪዮ ዴ ጃኔሮን አይተን እንመለስ ብለናል። ግን የነገርነው ሰው ሁሉ ስልካችሁን ይነጥቋችኋል፣ ወርቅ እንዳታደርጉ እያለ አስፈራራን፣ እህቴ ደግሞ ረቡዕና አርብ ትጾማለች ምን እንደምትበላ አላውቅም። ከቢቹና ከትልቁ የክርስቶስ ሐውልት ሌላስ የሚታይ ነገር አለ? ሰ. ነኝ ከገርጂ።

መልስ፦ እህቴ ሰ. ሂዱ፣ እንዳትቀሩ። መጀመሪያ ትኬቱን ስትቆርጡ ሳንቶስ ዱሞን የሚያርፍ በረራ ፈልጉ፣ ጋሌያዎ ከሚባለው ትልቁ ኤርፖርት ይልቅ ይሄኛው መሀል ከተማ ባህሩ ጠርዝ ላይ ነው። ሳኦ ፓውሎም መሀል ከተማ የምታርፉ ከሆነ ከኮንጎንያስ ኤርፖርት ብትነሱ ይቀርባችኋል። መስኮት ጋ ተቀመጡ፣ ሲያርፍ የሚታየው ነገር ብቻውን ትኬቱን ያወጣል።

ሌብነቱን በተመለከተ የነገሯችሁ ውሸት አይደለም፣ ግን ከሆቴል አያስወጣም ማለትም አይደለም። ወርቁን እዚሁ ቤት ተዉት። መንገድ ላይ ስልክ በእጅ ይዞ መሄድ የለም፣ ካርታ ማየት ከፈለጋችሁ ሱቅ ወይ ፋርማሲ ገባ ብላችሁ እዩና ወደ ቦርሳ መልሱት። ቢች ስትሄዱ ፓስፖርት አትያዙ፣ ፎጣና ለወንበር ኪራይና ለኮኮናት የምትሆን ትንሽ ብር ትበቃለች፣ ወንበርና ጃንጥላ የሚያከራዩትን ሰዎች ዋጋውን መጀመሪያ ጠይቁ፣ ውሃ ስትገቡ ደግሞ አጠገባችሁ ላለ ቤተሰብ እቃችሁን አደራ ማለት እዛ የተለመደ ነው ማንም አይገረምም። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለ ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ የኮፓካባና ማዕበል ዋና የሚችለውንም ይጎትታል። ከመሸ በኋላ አሸዋው ላይ መሄድ ይቅር፣ ማታ ማታ ኡበር ጥሩ።

ቀን ቀን ግን ሜትሮ ነው የሚሻለው፣ በሩ ላይ የባንክ ካርዳችሁን ነካ ማድረግ ነው በቃ። ኮፓካባና፣ ኢፓኔማ ወይ ፍላሜንጎ ሆናችሁ ሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ብታርፉ ብዙ ነገር ይቀልላችኋል። በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ በጭንቅንቅ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ አለ፣ እሱን ተጠቀሙበት።

ለእህትሽ ጾም በኪሎ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ራስሽ ከተደረደረው እያነሳሽ ሰሃኑ ይመዘንና ትከፍያለሽ። ሩዝ፣ ካሳቫ፣ ሰላጣ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን ታገኛለች፣ ጎመኑ በጣም ቀጭን ተቆርጦ ነው እንጂ የኛኑ ይመስላል። ጥቁሩ ባቄላ ላይ ግን ጥንቃቄ፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ይገባበታል፣ "ሴም ፖርኮ?" ብላ ትጠይቅ፣ ያለ አሳማ ነው ወይ ማለቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም የሚበላው ፌይጆዋዳ ደግሞ አሳማው የበዛበት ነው፣ እሱን እለፉት።

ከቢቹ ሌላ ምን አለ ላልሽው፣ የኔ ልብ ያለው እዚህ ጋ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት በሜትሮ ኡሩጓያና ጣቢያ ውረዱ፣ ስትወጡ ሳዓራ የሚባለው ገበያ ነው፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ ጨርቅ፣ ጨሌ፣ የካርኒቫል ላባ ምናምን የሞላበት። ከመንገዶቹ አንዱ ሩዋ ዳ አልፋንዴጋ ይባላል፣ እሱ ላይ በሱቆቹ መሀል ሳታዩት ልታልፉት የምትችሉት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የሳንቶ ኤለስባዎና የሳንታ ኤፊዤኒያ። ኤለስባዎ ማለት የኛው አጼ ካሌብ ነው! የናግራን ክርስቲያኖች ሲገደሉ ባህር ተሻግሮ የዘመተው፣ ኋላም ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ የመነነው የአክሱም ንጉሥ። ኤፊዤኒያም በትውፊቱ ሐዋርያው ማቴዎስ ያስተማራት የኢትዮጵያ ልዕልት ናት። ታሪካቸውን የፖርቱጋል ካርሜላውያን መነኮሳት ቅዱሳኖቻችን ናቸው ብለው አሰራጩት፣ ሪዮ ውስጥ ደግሞ በባርነት የመጡና ነፃ የወጡ አፍሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1740 በነሱ ስም ማኅበር አቋቋሙ፣ በ1754 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። እዛ አገር ኤለስባዎ ሲቀረጽ ፊቱ ጥቁር ነው፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሷል፣ በእግሩ የተሸነፈውን ንጉሥ ረግጧል። ባሪያ ተብለው የተሸጡ ሰዎች ይሄን ንጉሥ መርጠው ፊቱ ሲጸልዩ አስቢው እስቲ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሪዮ የደረሰ ሰው ይሄን ሳያይ ባይመለስ ደስ ይለኛል። እሁድ ግን አትሂዱ፣ ገበያው ተዘግቶ መንገዱ ጭር ይላል።

ከዛ በትራም ቫሎንጎ ድረሱ፣ በባርነት የተጫኑ አፍሪካውያን የወረዱበት ወደብ ነው፣ ቁጥራቸው ወደ 900 ሺህ ይገመታል። ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ተቆፍሮ ወጣ፣ በ2017 ዩኔስኮ መዘገበው።

ሐውልቱ ጋ የምትሄዱበትን ቀን አስቀድማችሁ አትወስኑ፣ ጠዋት ተነስታችሁ ወደ ተራራው ቀና በሉ፣ ደመና ከሸፈነው ለነገ አቆዩት፣ ተራራው 710 ሜትር ነውና ደመና ውስጥ ከገባችሁ ጉም ብቻ ነው የምታዩት። ስኳር ዳቦ በሚሉት ተራራ ላይ ደግሞ ጀምበር ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ብላችሁ በኬብል ካር ውጡ፣ ከተማዋን በቀንም በመብራትም ታያላችሁ።

ሰዓትን በተመለከተ ሪዮ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የሞላሽው የእጅ ሰዓት ሳትነኪው እዛም ልክ ነው፣ እዚህ ከምሽቱ 3 ሲል እዛ ከቀትር በኋላ 3 ይላል። የቢጫ ወባ ክትባትም ከመነሳታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ ተከተቡ፣ ካርዱን ስትመለሱ ቦሌ ሊጠይቋችሁ ስለሚችሉ ከፓስፖርታችሁ ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት ነው ያለኝ፣ ብራዚል ያለ ቪዛ ይገባል ሲሉኝ ነበር፣ እውነት ነው? ከሜሪላንድ።

መልስ፦ ድሮ ነበር ወንድሜ፣ ከኤፕሪል 10፣ 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘም ቪዛ ያስፈልገዋል፣ ኦንላይን ነው የሚሞላው፣ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ጨርሰው።