ራሞንስን ከመድረክ ጀምር

ወንድሜ፣ «የአሜሪካ ፓንክ ሮክ ባንድ የሆኑት ራሞንስ 14 የስቱዲዮ አልበም ሠርተው አሜሪካ ውስጥ አንድም ትልቅ ሂት ሳይኖራቸው እንዴት 22 ዓመት ቆዩ? ለመስማትስ ከየት ልጀምር?» ብለህ ጠይቀሃል። ለኔ የሁለቱም መልስ መድረክ ነው። ይህ እስኪገባኝ ብዙ ዓመት ስለፈጀብኝ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

እኔ የጀመርኩት ከተሳሳተው ጫፍ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት በፈረንጆቹ 1980 የወጣውን አልበማቸውን ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ስመ ጥሩው ፊል ስፔክተር ስለሆነ ምርጡ እሱ ይሆናል ብዬ። ቫዮሊን ገብቶበታል፣ ድምፁ ተደራርቦ ለስልሷል። ፓንክ የሚሉት ይሄ ከሆነ ይቅርብኝ ብዬ ተውኩት። ከዓመታት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ባንድ መሥርተን ሪትም ጊታር ስጫወት፣ ድራመራችን በ1977 የመጨረሻ ምሽት ለንደን ሬይንቦው ቲያትር የተቀዳውን የመድረክ አልበም አስደመጠኝ። 28 ዘፈን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ! አንዱ አልቆ ጭብጨባው ሳይበርድ ቤዚስቱ ዲ ዲ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ፣ ፎር!» ብሎ ይጮኻል፣ ቀጣዩ ይነሳል። ወሬ የለም፣ ትንፋሽ መሰብሰቢያ የለም።

በማግስቱ ጊታሬን አንስቼ ሞከርኩት። ጥቂት ኮርድ ነው፣ ሶሎ የለው፣ ምን ይከብዳል? አምስተኛው ዘፈን ላይ ክንዴ ደነዘዘና ፒኩ (ክር መምቻው) ከጣቶቼ አምልጦ ወደቀ። ያን ቀን ነው ለነዚህ ሰዎች ያለኝ ግምት የተለወጠው። አብዛኞቻችን ፈጣን ሪትም ስንመታ እጃችንን ወደ ታችም ወደ ላይም እናመላልሳለን፤ ጉልበት ይቆጥባል። የራሞንስ ጊታሪስት ጆኒ ራሞን ግን ወደ ታች ብቻ ነበር የሚመታው። ወደ ላይ የሚሄደው ምት ከቀጫጭኖቹ ክሮች ስለሚጀምር ድምፁ ይሳሳል፤ ወደ ታች የሚወርደው ግን ሁልጊዜ ከወፍራሞቹ ስለሚነሳ እያንዳንዱ ምት እኩል ይከብዳል። ያንን እንደ ሞተር የሚያጉረመርም ድምፅ ማጉያ በመቀየር ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ! በመጨረሻ በሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) በቀን 15 ደቂቃ፣ ፍጥነቱን በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመርኩ ተለማመድኩ። የዚያን ኮንሰርት ግማሽ ሳላቋርጥ ለመጫወት ስምንት ወር ፈጀብኝ። ስለዚህ «መጫወት የማይችሉ ልጆች» የሚለውን ወሬ አትቀበል።

አነሳሳቸውም ደስ ይላል። በ1974 ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ፎረስት ሂልስ ከሚባል ሰፈር ነው የተነሱት። የባንዱ ስም የቢትልሱ ፖል መካርትኒ ማንነቱን ለመደበቅ ይጠቀምበት ከነበረው «ፖል ራሞን» የተወሰደ ነው፤ ወንድማማች ሳይሆኑ ሁሉም ራሞን ተባሉ። መጀመሪያ ጆይ ድራም ላይ ነበር። ዲ ዲ ቤዝ እየመታ መዝፈን ሲያቅተው ጆይ ወደ ማይክ መጣ፤ ድራም ላይ ደግሞ የሚሆን ሰው ስለጠፋ ቡዳፔስት የተወለደው፣ ሙያው ሌላ የነበረው ቶሚ ራሱ ተቀመጠ። የቶሚ ቀጥ ያለ፣ ጌጥ የሌለው ምት ባይኖር የጆኒ እጅ ብቻውን ምንም አይፈጥርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ዓመት ሲቢጂቢ በሚባለው ትንሽ ክለብ መጫወት ጀመሩ። በ1976 የመጀመሪያውን አልበማቸውን በ6,400 ዶላር ገደማ ቀዱት፤ 14 ዘፈን፣ 29 ደቂቃ። በአሜሪካ የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ከ111ኛ በላይ አልወጣም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 4 ግን ለንደን ራውንድሃውስ ተጫወቱ፤ ገና በመነሳት ላይ የነበሩት የእንግሊዝ ፓንክ ልጆች እነሱን አይተው ነው ልብ ያገኙት።

ሽያጩን በተመለከተ ትዝብትህ ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ ከነጠላ ዘፈኖቻቸው ከፍ ያለው 66ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ጊዜ 8ኛ ደርሰዋል፤ እሱም በስፔክተሩ አልበም ላይ ያለው፣ ቫዮሊን የገባበት የሌላ ሰው ዘፈን ነው። ሬዲዮ ሳያጫውታቸው የኖሩት በመንገድ ነው። በ22 ዓመት 2,263 ኮንሰርት፣ ማለት በአማካይ በዓመት ከ100 በላይ። ሠዓሊው አርቱሮ ቬጋ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ማኅተም ተነስቶ የሣለው የንስር ዓርማ ያለበት ቲሸርትም ትልቅ ገቢ ነበር። አርጀንቲና ውስጥ ደግሞ በ1996 ሪቨር ፕሌት በሚባለው ትልቅ ስታዲየም ነው የተጫወቱት።

የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። የጆይ ፍቅረኛ የነበረችው ሴት ትታው ኋላ ጆኒን አገባች። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ባንዱ እስኪፈርስ ድረስ እምብዛም ሳይነጋገሩ በአንድ መኪና እየተጓዙ፣ ማታ ማታ አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ቆሙ። የኛ ባንድ ሁለት ሰው ተኳርፎ አራት ወር እንኳ አልዘለቀም፤ ስለዚህ ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል። ነሐሴ 6 ቀን 1996 ሎስ አንጀለስ ላይ የመጨረሻውን ተጫወቱ። ጆይ በ2001፣ ዲ ዲ በ2002፣ ጆኒ በ2004 አረፉ። ያ የመጀመሪያ አልበም የወርቅ ሽልማት፣ ማለት የ500,000 ቅጂ ማረጋገጫ፣ ያገኘው በ2014 ነው። ከአራቱ ይህን ለማየት የደረሰው ቶሚ ብቻ ነበር፤ እሱም በዚያው ዓመት ሐምሌ አረፈ።

እና ስትሰማ መጀመሪያ የሬይንቦውን ኮንሰርት ሳታቋርጥ ስማ። ከዚያ የ1976ቱን፣ ቀጥሎ የ1977ቱን ሦስተኛ አልበም፤ ለኔ ከሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ከሰማንያዎቹ የ1984ቱን ብቻ ያዝ፤ ቶሚ ወደ ፕሮዲውሰርነት ተመልሶበታል። የስፔክተሩን ለመጨረሻ አቆየው፤ የጆይን ድምፅ ከለመድክ በኋላ ይጣፍጥሃል። ጊታር ካለህ ደግሞ አብረህ ወደ ታች ብቻ እየመታህ ሞክርና ስንተኛው ዘፈን ላይ ክንድህ እንደዛለ እዚሁ ጻፍልኝ።