ሐምሌ የተከልነውን ጥር ላይ ማን ይቁጠረው?

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ። ሦስቱም ከጎንደር ናቸው፣ ሦስቱም ስለ ትምህርት ቤትና ስለ አካባቢ ጥበቃ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፣ ቅሬታቸው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ትምህርቱ አለ፣ የሚታይ ነገር የለም። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ረዘም እላለሁ። የራሴንም ቁስል ስለነካ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዘዞ አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ነኝ። ዘንድሮ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አስተባባሪ ሁን ተባልኩ። በጀት የለም። ያስረከቡኝ አንድ ማኅተምና አንድ የተቀደደ ባነር ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ችግኝ እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ጥር ላይ ግን ግቢው ውስጥ የቆመው ደረቅ እንጨት ብቻ ነው። ባለፈው አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ዘንድሮም እዚያው ጉድጓድ ላይ ነው የምንተክለው?» ብሎ ጠየቀኝና አፍሬ ዝም አልኩ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ያንን ልጅ የክበቡ ሊቀመንበር ያድርጉት። ጥያቄው ከብዙ የዎርክሾፕ ወረቀት ይበልጣል።

እኔም አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ግቢያችንን በችግኝ ሞላነው፣ መራመጃ እስኪጠፋ። መስከረም ላይ ለምልሞ ስናየው እሰይ አልን። ኅዳር ላይ ጠወለገ። ጥር ላይ አንዱን ደረቅ ችግኝ ነቅዬ ሳየው ላስቲኩ አልወለቀም ነበር። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ላስቲኩ ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ነው የሞተው። የተከለው ልጅ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ላስቲኩን አውልቅ ብሎ የነገረውም ሰው የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ያን ቀን ፎቶ አንሺውን ሳስተናግድ ነው የዋልኩት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ተከላው ሐምሌ ነው፣ ሐምሌ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ልጆቹ ለአንድ ቀን ተጠርተው ይመጣሉ፣ ተክለው ይሄዳሉ። መስከረም ሲመለሱ ክፍል ተቀይሯል፣ ዝናቡም ሊወጣ ዳር ዳር እያለ ነው። የኛን አገር በጋ ያውቁታል፤ ጥቅምት ከገባ እስከ ግንቦት ድረስ ችግኝ የሚያረካ ዝናብ አይጠበቅም። ችግኙ ሰው የሚፈልገው ያኔ ነው፣ ያኔ ደግሞ ባነሩም ፎቶ አንሺውም የሉም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ቁጥሩን እቀንሳለሁ። 300 ትከሉ ቢሉኝ 30 እተክላለሁ። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ፣ ልጆቹ ሳይበተኑ፣ ወርዱንም ጥልቀቱንም ወደ 40 ሳንቲ ሜትር አድርገን እንቆፍርና የላዩን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ እናስቀምጣለን፤ ስንተክል የላዩ ለም አፈር ከሥር ይገባል። ችግኝ ጣቢያው የተረፈውን ሁሉ አሸክሞ እንዳይልከን ዋንዛ፣ ወይራ፣ ጥድ ካለ ብለን በስም እንጠይቃለን። ወይራ ዘገምተኛ ነው፣ ልጆቹ እንዳይሰለቹ ቶሎ ከሚያድገው ከዋንዛ ጋር መቀላቀል ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከክፍል ግድግዳና ከውሃ ጉድጓድ ይራቅልኝ።

ችግኙን ለ8ኛ ክፍል አይስጡ። እነሱ በዓመቱ ውልቅ ይላሉ። ለ3ኛና ለ4ኛ ክፍል ይስጡ፣ ለሁለት ልጅ አንድ ችግኝ። አንዱ ቢታመም ሌላው ያጠጣል፣ ደግሞም ገና አራት አምስት ዓመት እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው።

ከዚያ ስም መጥሪያ። አዎ፣ ያው የምናውቀው ስም መጥሪያ። ለችግኞቹ አንድ ደብተር ያውጡላቸውና በየወሩ መጨረሻ ልጆቹን አስከትለው እየዞሩ ስም ይጥሩ። «ዋንዛ ቁጥር 7!» ሲባል ባለቤቱ «አቤት!» ይላል። የደረቀ ካለ «ቀሪ» ተብሎ ይጻፋል። ግን ለምን እንደቀረም አጠገቡ ይመዝገብ፦ ፍየል በላው፣ ውሃ አጣ፣ ኳስ ሰበረው፣ ላስቲኩ አልወለቀም። ትምህርቱ ያለው እዚያች ደብተር ውስጥ ነው። የሒሳብ መምህሩ ስንት ከመቶ እንደጸደቀ ያሰላባታል፣ የሳይንስ መምህሯ ስለ ሥር ታስረዳባታለች፣ የአማርኛው መምህር ደግሞ ደብዳቤ ያስጽፍባታል፣ ለፍየሉ ባለቤት። (በአማርኛችን ሰውም ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። ሁለቱም የሚታወቀው ወደ መጨረሻው ነው።)

ውሃውን በተመለከተ፣ ባዶ ሃይላንድ የትም አለ። ክዳኑን በቀጭን ሚስማር ይብሱ፣ ቂጡን ይቁረጡ፣ አፉን ወደ ታች አድርገው ከችግኙ አጠገብ ይቅበሩት። የሞሉት ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩ ጋ ይደርሳል፣ ፀሐይ አይሻማውም። የሚሞላው ደግሞ ልጁ ከቤት ይዞት በሚመጣው አትክልት የታጠበበት ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚጠበቅበት ከተማ «ንጹሕ ውሃ ለችግኝ አምጡ» ቢሉ ከእናቶች ጋር ይጣላሉ፣ እናቶቹም እውነት አላቸው። ዙሪያውን እሾህ፣ ሥሩን ደግሞ በደረቅ ሣር ጉዝጓዝ ማልበስ ነው። ባነሩንም አይጣሉት፣ ለችግኝ ጥላ ይሆናል።

አንድ ቀን ልጆቹን ፋሲል መዋኛ ይውሰዷቸው። ስለ ዐፄ ፋሲል ሌላ ቀን ይንገሯቸው። ያን ቀን ግንቡ ላይ የበቀሉትን የዛፎች ሥር ብቻ ያሳዩአቸው፣ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ የያዘውን። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይሂዱና ቅጥሩ ውስጥ ያሉት ዛፎች ለምን እስካሁን እንደቆዩ ይጠይቋቸው። ለእነዚያ ዛፎች ማንም ባነር አላሠራላቸውም። ጠባቂ ግን አላቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጂኦግራፊ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ዘላቂ ልማት ኮርስ ወስጄ ኤ አግኝቻለሁ፣ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ከስላይዱ ውጪ የማውቀው የለኝም። ለመመረቂያ ጽሑፌ መጠይቅ በትኜ «የተማሪዎች ግንዛቤ» በሚል ርእስ ልገላገል ነበር። ሌላ ምን ይታይዎታል?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ኤው እንኳን ደስ አለሽ፣ ስለ እውነቱ ደግሞ ይበልጥ። መጠይቁን ተይው። ውጤቱን ከአሁኑ ልንገርሽ፦ «ግንዛቤ አለ፣ ተግባር የለም»። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ጆርጂያ ውስጥ፣ ትብሊሲ ላይ ባካሄዱት ጉባኤ ለአካባቢ ትምህርት አምስት ግብ ወጥቶለታል፦ ግንዛቤ፣ ዕውቀት፣ አመለካከት፣ ክህሎት፣ ተሳትፎ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ነው፣ እኛ የመጀመሪያዋ ላይ ቁጭ ብለን ስብሰባ እንጠራለን።

አንገረብን ታውቂያለሽ። ከተማው የሚጠጣው ውሃ የሚጠራቀምበት የአንገረብ ግድብ ከላይ ካለው ተዳፋት በሚወርድ ደለል ይሞላል። ጎርፍ የሚወስደው አፈር የገበሬው እርሻ ነው፣ ደለሉ የሚይዘው ቦታ ደግሞ ያንቺ ጀሪካን ነው። ክረምት ሲገባ አንድ ሊትር የሚይዙ፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ ጠርሙሶች ያዢ፣ መስታወትም ፕላስቲክም ይሁን። እርከን ከተሠራበት ተዳፋት የሚወርደውን ውሃ በአንዱ፣ ካልተሠራበት በሌላው ቅጂ፣ በአንድ ዝናብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። (ከዳር ሆነሽ ነው፣ ጎርፍ ውስጥ ገብተሽ እናትሽን እንዳታስለቅሺ።) ለአንድ ቀን ሳይነካ አስቀምጪውና ከታች የረጋውን ጭቃ በማስመሪያ ለኪው። ማስመሪያ ነው ያልኩሽ፣ ላቦራቶሪ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ እየደጋገምሽ ብትመዘግቢ አማካሪሽ የሚያነበው ነገር ይኖረዋል፣ ጠርሙሶቹን ደግሞ ለቀበሌ ስብሰባ ይዘሽ ብትሄጂ ማንም ስላይድ አይጠይቅሽም።

ነገሩ ጎንደር ላይም አይቆምም። ከእኛ የወረደው ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባል። እንቦጭ በ2011፣ አሁንም በፈረንጁ፣ መጀመሪያ የታየው በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በእኛው በኩል ነው። እንቦጭን የሚያፋፋው ደግሞ ጎርፍ ከማሳና ከከተማ ጠርጎ የሚያወርደው ማዳበሪያና ቆሻሻ ነው።

ደፈር ካልሽ ሌላም አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ይሄም በፈረንጁ ነው፣ በ1996 አደጋ ያንዣበበባቸው የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ በ2017 ነው የወጣው። በመካከሉ፣ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ለዋልያው ግጦሽ ተለቀቀለት። ገብስ ሲዘራ የኖረ ገበሬ ከተማ ዳር ምን ይሠራል? ሄደሽ ጠይቂ። ኮርስሽ ውስጥ «ዘላቂ» የተባለው ለማን እንደሆነ እዚያ ይገባሻል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም እኮ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀምር ተማሪውን ሕዝቡ መሐል እያሰማራ ነው ያስተማረው። አንቺ አዲስ ነገር አልጀመርሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። አካባቢ ሳይንስ ተምሮ መጥቶ ከሰል ማያያዝ አላስቻለኝም። እኔ እንደ ማንም ሰው በፌስታል ነው የማያይዘው። ባለፈው ጎረቤት ሁሉ ቡና ላይ ተቀምጦ «እማዬ፣ ኦዞኑን እየቀደድሽው ነው!» አለኝ። ሳቁብኝ። ትምህርት ቤቱ ልጅ በእናቱ ላይ ያስነሳል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ ግማሹን ትክክል ነው። የፌስታል ጭስ መርዝ አለበት፣ ከማንም በፊት የሚተነፍሰው ደግሞ ምድጃው ላይ ያጎነበሰ ሰው ነው፣ ማለትም እርስዎ። ለማያያዣ ጭራሮ ወይም የደረቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። ፌስታል ራሱም ቢሆን 2017 ዓ.ም. ላይ ፓርላማው የሚከለክል አዋጅ አጽድቆበታል፣ ዘንቢሉን ከአሁኑ ያውርዱት።

ኦዞኑን ግን እርስዎ አልቀደዱትም፣ ለጎረቤቶችዎ ይንገሩልኝ። ኦዞንን የጎዱት በዋናነት ድሮ ፍሪጅና ስፕሬይ ውስጥ ይገቡ የነበሩ ጋዞች ናቸው። በፈረንጁ ከ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ወዲህ ዓለም እየተዋቸው መጥቷል፣ ኦዞኑም እያገገመ ነው። ልጁ ይህንን ቢሰማ ደስ ይለዋል፤ የተበላሸ ነገር ሲስተካከል እንዳለ ማን ነግሮት ያውቃል?

አንድ ቅዳሜ ቀሃ ድልድይ ላይ አቁሙትና ወንዙ ላይ የሚንሳፈፈውን ሃይላንድ ያስቆጥሩት። ከጥምቀት ማግስት ከሆነማ ቁጥር አይበቃውም። ከዚያ «ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል?» ብለው ይጠይቁት፣ ጣና እስኪደርስ ድረስ እንዳይለቁት። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

አስተማሪዋን ደግሞ ስለ ኦዞኑ ቀስ ብለው ያናግሯት። ልጁ ፊት ግን አይሁን።