የአንባቢ ጥያቄ፦ ጅቡቲ ምን ሸጣ ነው የምትኖረው?

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። እኔ ገላን መንገድ ዳር ሻይ ቡና የምሸጥ ነኝ፣ ደንበኞቼ አብዛኞቹ የጅቡቲ መስመር ሾፌርና ረዳት ናቸው። ባለፈው ሁለቱ ሲከራከሩ ፍርፍሩ ቀዘቀዘ፣ አንዱ ጅቡቲ ድሮ የኛ ክፍለ ሀገር ነበረች ይላል ሌላው ደሞ አሁን የአሜሪካ ናት ይላል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፣ እርሻ የለም ወንዝ የለም ይሉኛል፣ ታዲያ በምን ትኖራለች? ያ ሁሉ የውጭ ወታደርስ አንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ አይጋጭም? ደሞ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ዋጋው ሁሌ አንድ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?
ባለ ሻይዋ፣ ከገላን

መልስ፦

ባለ ሻይዋ፣ መጀመሪያ ክርክሩን እንገላግል፣ ሁለቱም ተረተዋል። ጅቡቲ ክፍለ ሀገራችን ሆና አታውቅም። ፈረንሳይ በ1862 ኦቦክ የሚባለውን የባሕር ዳርቻ ከአፋር ሱልጣኖች በውል ወስዳ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እነግርሻለሁ) ቀስ በቀስ ሌላውን ጨመረችበት፣ መጀመሪያ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ከ1967 በኋላ ደሞ የአፋርና የኢሳ ግዛት እያለች ቆይታ ጁን 27 ቀን 1977 ነፃ ወጣች። የአሜሪካም አይደለችም፣ አሜሪካ እዚያ ተከራይ ናት።

ኪራይ ያልኩት እንዲሁ አይደለም፣ የጥያቄሽ መልስ እሱ ላይ ነው። እናንተ ሰፈር አስፋልት ዳር ቤት ያለውን ሰውዬ አስቢው፣ አያርስም አይነግድም፣ ፊት ለፊቱን ለሱቅ ጓሮውን ለጋራዥ ሰርቪሷን ለወንደላጤ አከራይቶ ይኖራል። ቤቱ ቤት ሆኖ አይደለም እኮ፣ ቦታው ነው። ጅቡቲም እንደዛ ናት። ከስዊዝ ካናል የሚወርደውም ወደ ስዊዝ የሚወጣውም መርከብ ባብ ኤል መንደብ በሚባለው የቀይ ባሕር በር ማለፍ አለበት፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሷ ደሞ አፉ ላይ ተቀምጣለች።

ቦታው ባይኖርማ ምን ነበራት? ስፋቷ 23,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ 47 ጊዜ ትገባለች። ከዋናው የአፍሪካ ምድር ከጋምቢያና ከኢስዋቲኒ ቀጥላ ሦስተኛ ትንሽ አገር ናት። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ከዚያም አብዛኛው ከተማዋ ላይ ተጠቅጥቋል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፣ ሙቀቱ ሾፌሮችሽ እንደሚነግሩሽ ነው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች ነው፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ፣ ከሱ የሚወጣው ጨው ነው፣ ጨው ደሞ አይበላም ብቻውን። ስለዚህ አትክልቱም ጫቱም ከኛ ይሄዳል (ጫቱ አንድ ቀን ቢቀር ምን እንደሚሆን ረዳቶቹን ጠይቂ)፣ መብራት ከ2011 ጀምሮ ከኛ ትገዛለች፣ ከ2017 ወዲህ ደሞ ከሶማሌ ክልል 100 ኪሎ ሜትር በሚያህል ቱቦ ውሃ ይገባላታል።

ትልቁ ተከራይ ማን መሰለሽ፣ እኛው ነን። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ፣ ጭነቱ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ ይኸው እስካሁን ከውጭ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በሷ ነው የሚያልፈው። ቦቴው የሚያመጣው ናፍጣ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴነር፣ ሁሉም ወደቡ ላይ ከፍሎ ነው የሚወጣው። ባቡሩም አለ፣ ከሰበታ ተነስቶ በኢንዶዴ አልፎ በድሬዳዋና በደወሌ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጅቡቲ ያለው ነጋድ ጣቢያ የሚደርሰው፣ በ2018 ነው መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ ግን ድንበሩ ጋላፊ ላይ ያለውን የመኪና ሰልፍ ያየ ሰው ባቡር አለ ብትይው ይስቅብሻል። ለባቡሩም ለአዲሱ ወደብም ብድሩ በብዛት ከቻይና ስለሆነ አከራይዋም ራሷ ባለ ዕዳ ናት።

ወደ ወታደሩ ስንመጣ፣ ፈረንሳዮቹ ከነፃነት በፊትም የነበሩ ናቸው፣ ወደ 1,500 ይሆናሉ። ካምፕ ሌሞኒዬ የሚባለው የፈረንሳይ ሌጅዮን (የውጭ ዜጎች የሚቀጠሩበት ጦር) ሰፈር ነበር፣ አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ አሜሪካኖቹ ገቡበት፣ አሁን 4,000 የሚሆን ሰው አላቸው፣ በ2014 በታደሰው ውል በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላሉ። ጃፓን የሶማሊያ የባሕር ወንበዴ ሲበዛ በ2011 መጣች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ውጭ አገር ሰፈር ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነው። ጣሊያን በ2013። ከዚያ በ2017 ቻይና ዶራሌ ወደብ አጠገብ የራሷን ከፈተች፣ እሷም ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋ። አሜሪካና ቻይና በመኪና ቅርብ ለቅርብ የተቀመጡበት እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ የለም።

አይጋጩም ወይ ላልሽው፣ መናከስ የለም መጎሻመጥ ግን አለ። በ2018 አሜሪካኖቹ ከቻይና ሰፈር የመጣ ሌዘር የፓይለቶቻችንን ዓይን ጎዳ ብለው ክስ አቀረቡ፣ ቻይና አላደረግኩም አለች፣ በዚያው ቀረ። እኔ ሳየው ጎረምሶች ተከራዮች መብራት ቆጣሪ ላይ እንደሚጨቃጨቁት ነው፣ ማናቸውም ግን ቤቱን መልቀቅ አይፈልጉም። ለአከራይዋ ደሞ ይሄ ጥበቃም ጭምር ነው፣ የራሷ ጦር ትንሽ ነው፣ በ2008 ድንበሩ ላይ ራስ ዱሜራ በሚባለው ቦታ ከኤርትራ ጋር ስትዋጋ ፈረንሳዮቹ በስንቅና በመረጃ ረድተዋታል። ትንሽ ነው ብለሽ ግን አትናቂው፣ ከ2011 ጀምሮ ሶማሊያ ውስጥ በአፍሪካ ኅብረት ስር ወታደር አላት።

ፍራንኩ ላይ ሾፌሮችሽ ልክ ናቸው። ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ ከ1973 ወዲህ ደሞ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። ሚስጥሩ ማዕከላዊ ባንካቸው ፍራንክ የሚያወጣው በእጁ ያለ የውጭ ምንዛሪ ልክ ስለሆነ ነው፣ ያንን ምንዛሪ ደሞ ወደቡና ኪራዩ ያመጣል። ድንበር ላይ ምንዛሬው ተቀየረ ሲሉሽ የተቀየረው የኛው ብር ነው፣ በተለይ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዋጋው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ። እና አንዱ ረዳት ዝርዝር የለኝም ብሎ 100 ፍራንክ ቢዘረጋልሽ ቁጥሩ እንዳያታልልሽ፣ ከግማሽ ዶላር ትንሽ ቢበልጥ ነው።