መልስ፦ ቴንሰርፍሎው ጂፒዩዬን አያየውም፣ ምን ላድርግ?

«ላፕቶፔ ኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ) አለው፤ ቴንሰርፍሎው ግን በዋናው ፕሮሰሰር (በሲፒዩ) ብቻ ይሠራል፤ ዊንዶውሱን ፎርማት ላድርገው?» ላልከው ወንድሜ፦ ኧረ እንዳታደርገው! ላፕቶፕህ ጤነኛ ነው።

ቴንሰርፍሎው (የማሽን ለርኒንግ መሥሪያው የፓይተን ላይብረሪ) ዊንዶውስ ላይ በቀጥታ ጂፒዩ የሚጠቀመው እስከ ቨርዥን 2.10 ድረስ ብቻ ነው። ከ2.11 ወዲህ ያለውን በፒፕ (በፓይተን መጫኛው) ስትጭን ምንም ሳያጉረመርም ይጫናል፤ ካርድህን ግን ዞር ብሎም አያየውም። መፍትሔው ደብሊውኤስኤል 2 ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬድ ነገር ነው። ዊንዶውስህ ውስጥ ኡቡንቱ (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ትከፍትና ከኩዳ (የኤንቪዲያ ካርድን ለስሌት ከሚያሠራው ሶፍትዌር) ጋር የሚመጣውን የቴንሰርፍሎው አማራጭ እዚያ ትጭናለህ። የኤንቪዲያ ድራይቨሩን ግን ዊንዶውሱ ላይ ብቻ ጫን፤ ኡቡንቱው ውስጥ ደግመህ ከጫንከው ነገር ይበላሻል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ካስጠላህ ፓይቶርች የሚባለው ተመሳሳይ ላይብረሪ ዊንዶውስ ላይ ያለ ኡቡንቱ ጂፒዩ ይጠቀማል። እኔ ብሆን ወደዚያው ነበር የምሄደው። የኩዳውን ትእዛዝ ከራሳቸው ድረ ገጽ ውሰድ፤ ዊንዶውስ ላይ ዝም ብለህ በፒፕ ከጫንከው የሲፒዩው ነው የሚመጣልህ።

ማክ ያላት ጓደኛህ ኩዳን ትርሳው፤ ፓይቶርችን በፒፕ መጫን ይበቃታል።

ፋይሎቹ ጊጋባይት ስለሚበሉ በሞባይል ዳታ አትሞክር። አዳማ ካምፓስ ዋይፋይ ካገኘህ በፒፕ ዳውንሎድ አውርደህ ቤት ያለ ኢንተርኔት ትጭናለህ። ሲስተሙና የፓይተን ቨርዥኑ ግን አንድ ይሁኑ፤ ለዊንዶውስ የወረደ ፋይል ኡቡንቱ ላይ አይሠራም።