አምፕሮሊየም ለምን አልሠራልኝም?

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ አረባለሁ። 500 የእንቁላል ጫጩቶች ገዝቼ እያሳደግሁ ሳለ፣ በአምስተኛ ሳምንታቸው ክንፋቸውን ጥለው ማንቀላፋትና ደም የተቀላቀለበት ኩስ መጣል ጀመሩ። ባለፈው ዙር ያዳነልኝን አምፕሮሊየም ከቪታሚን ጋር በውኃ ሰጠኋቸው፤ ለውጥ ሳጣ ኦክሲቴትራሳይክሊን ጨመርሁበት፤ ሞቱ ግን አልቆመም። በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆን?

መልስ፦ የደረሰብዎ ኪሳራ በእጅጉ ያሳዝናል። የገለጹት ምልክት ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ፣ በተለይም ዕውር አንጀትን የሚያደማውን ኤይሜሪያ ቴኔላ የተባለውን ጥገኛ ተውሳክ ያመለክታል። መላመድ ሊኖር እንደሚችል አልክድም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት መጣራት ያለበት ነገር አለ።

አምፕሮሊየም ቪታሚን ቢ1ን ስለሚመስል ተውሳኩ በቪታሚኑ ፈንታ መድኃኒቱን እየወሰደ ይራባል። ስለዚህ ቢ1 ያለበት ቪታሚን በዚያው ውኃ ሲቀላቀል መድኃኒቱ ይዳከማል። ብዙ አርቢዎች ለማበረታቻ ብለው በቅንነት የሚያደርጉት ይህ ልማድ መድኃኒቱን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ ለሕክምና በአንድ ሊትር ውኃ 240 ሚሊግራም አምፕሮሊየም፣ ማለትም ባለ 20 በመቶው ዱቄት ከሆነ 1.2 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ከተሰጠ በኋላ፣ በሊትር 60 ሚሊግራም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። በማንኪያ ግምት የተለካ መድኃኒት እምብዛም እዚህ መጠን ላይ አይደርስም። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት እንጂ የዚህ ተውሳክ መድኃኒት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሞቱ ከቀጠለ መላመዱን መጠርጠር ተገቢ ነው። በአንድ ቤት ካሉት እልፍ አእላፍ ተውሳኮች መካከል በተፈጥሯቸው መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ጥቂቶች ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ሲሞቱ እነዚህ ይቀራሉ፣ በሳምንት ገደማ ውስጥ ተራብተው በኩስ ይወጣሉ፣ ከዚያም በጉዝጓዙ ውስጥ ሆነው ቀጣዩን ዙር ይጠብቃሉ። በየዙሩ ያንኑ መድኃኒት መደጋገም፣ ይልቁንም መጠኑን እያሳነሱ መስጠት፣ የሚቋቋሙትን መርጦ እንደ ማርባት ነው። የሰልፋ መድኃኒቶች ከ1940ዎቹ፣ አምፕሮሊየም ከ1960፣ ሞኔንሲን ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውለዋል፤ ተውሳኩ ያልተላመደው ግን አንድም የለም። ልዩነቱ በፍጥነቱ ነው፤ ኪኖሎን የተባሉት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሲከሽፉ፣ የተውሳኩን የጨው ሚዛን የሚያዛቡት እነ ሞኔንሲን ለዓመታት አገልግለዋል።

አሁን የሞቱትንና የታመሙትን ጥቂት ዶሮዎች ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደው አንጀታቸውን ያስመርምሩ፤ ኮክሲዲዮሲስ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ እንደ ቶልትራዙሪል ወይም ሰልፋ ያለ የሌላ ወገን መድኃኒት እንዲያዝልዎ ይጠይቁ። ሰልፋ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ ዶሮን ስለሚያደማ በሐኪም ልክ ብቻ ይሰጥ።

ጉዝጓዙን ችላ አይበሉ። በኩስ የወጣው ተውሳክ ለመበከል የሚበቃው እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ነው። በረኪና አይገድለውም፤ ድርቀትና ኃይለኛ ሙቀት ግን ይጎዱታል። የሚያፈስ መጠጫ ይጠግኑ፣ በዙሪያው የረጠበውን ሰጋቱራ በየዕለቱ እየዛቁ ያውጡ፤ ዙሩ ሲያልቅም ጉዝጓዙን ሙሉ በሙሉ አንስተው ቤቱን አጥበው ያድርቁ።

ለሚቀጥለው ዙር ሐኪሙ በመኖ የሚደባለቅ ሞኔንሲን ካዘዘልዎ ልብ ይበሉ፦ ይህ መድኃኒት በጥቂት መጠን እንኳ ፈረስና አህያን ይገድላል። የዶሮ መኖ ትራፊም ሆነ የፈሰሰ መኖ ለጋሪ ፈረስ አይስጡ፤ ጆንያውንም አህያ ከሚደርስበት ያርቁ።